ኮከብ ያለባቸው ቀኖች

ቡታጅራ ገበያ ዳር ሚዛን እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም። የመጀመሪያው ከአንድ ነጋዴ ደጃፍ የተጣለ የስፕሪንግ ሚዛን ነበር፤ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ አበላሸሁት፤ በአራተኛው አምስት ኪሎውን አምስት ኪሎ አለ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ እሱ ነው።

ሚዛን ሲመጣልኝ መጀመሪያ ምንም ሳልጭንበት አየዋለሁ። ባዶውን ዜሮ የማይል ሚዛን የጫኑበትን ሁሉ ይዋሻል። ቀጥዬ ስለ ጆንያው እጠይቃለሁ። የመስቃን ገበሬ በርበሬውን የሚያስመዝነው ከነጆንያው ነው። ጆንያው ሁልጊዜ አብሮ ስለሚወጣ ማንም አያየውም፤ ክብደቱ ግን ሁልጊዜ እዚያው ውስጥ አለ። ይህን ለስንት ነጋዴ ቆሜ አስረድቻለሁ። ለእናቴ በያዝኩት ደብተር ላይ ግን ጆንያውን ራሴ ረሳሁት።

እናቴ ደም ብዛት እንዳለባት ያወቅነው አባቴ በሞተ በሁለተኛው ወር ነው። እህቶቼ አግብተው ርቀዋል፤ ለቀስተኛው ሲበተን ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እሷ ነን። ገበያ ወጥታ ቆጮና ቡላ ትሸጥ የነበረች ሴት ከእሑድ በቀር ከፍራሹ መነሳት አቃታት። ሳጎርሳት ፊቷን የምታዞር፣ እንቅልፍ የማይወስዳት ሰው ሆነች። ጸሎት ቤት መሄዷን አላቆመችም፤ መዘመር ግን ተወች። ሃያ ዓመት በእናቶች መዘምራን ውስጥ ከፊት ረድፍ የቆመች ሴት፣ ኋላ በሩ አጠገብ መቀመጥ ጀመረች። «ማጅራቴን ጨምድዶ ይዞኛል» ትለኛለች። ሆስፒታል ወሰድኳት። ላይኛው 186፣ ታችኛው 112 ነበር። ጠዋት አንድ ሙሉ ነጭ ክኒን፣ ማታ የቢጫው ግማሽ ታዘዘላት።

በዚያው ሰሞን ከአንድ ክሊኒክ የተጣለ የግፊት መለኪያ አገኘሁ። የሚጨመቀው ጎማ ተሰንጥቆ ነበር፤ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጬ ለጠፍኩበት። አንዲት ነርስ አዳምጦ መለካት አሳየችኝ፤ የእኔንም መለኪያ ከእሷ ጋር በገዛ ክንዴ ላይ ሦስት ጊዜ አስተያየነው፤ ልዩነቱ ሁለት ቁጥር ብቻ ነበር። ከዚያ ባለ ሃምሳ ገጽ ደብተር ገዝቼ አሰመርኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ላይኛው፣ ታችኛው፣ ክኒን፣ ማስታወሻ። ሁልጊዜ የግራ ክንዷን፣ ዐሥር ደቂቃ ከተቀመጠች በኋላ፣ ምግብ አፏ ሳይገባ እለካለሁ። ክኒን በሚለው አምድ ውስጥ በየቀኑ አንድ ጭረት አለ። አንድም ቀን አልተዘለለም።

በክኒኑ ላይኛው ቁጥር ወደ 136 ገደማ ወረደ፤ እሷ ግን ከፍራሹ አልተነሳችም። ያስነሷት አብረዋት የሚዘምሩት ሴቶች ናቸው። አንድ ቅዳሜ አምስት ሆነው መጡ። ጸልየው ሲያበቁ አንደኛዋ፣ ወፍራሟ፣ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ስሚኝ፤ አንቺ ከመካከላችን ከወጣሽ ወዲህ የምንዘምረው መዝሙር አይደለም፤ የፍየል ገበያ ነው።»

«ኧረ ተዪኝ» አለች እናቴ።

«ጌታ ራሱ ጆሮውን ይዟል እኮ! ለሱ ስትዪ ነይ።»

እናቴ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው። በማግስቱ ፊት ረድፍ ቆመች።

እኔ ብዙ የምጸልይ ሰው አይደለሁም። ከእሷ ጋር ሄጄ ኋላ እቀመጣለሁ፣ እሰማለሁ፣ እመለሳለሁ። ያየሁትን ግን አየሁ። ስትዘምር ትከሻዋ ይወርዳል። የጨበጠችው እጇ ይፈታል። ቤት ስትመለስ ቆጮውን በጎመን ትበላለች፤ ከምሳ በኋላ እንደ ሕፃን ትተኛለች። ማታ አባቴን እያነሳች ታለቅስ ነበር፤ ያ እንኳ ተለወጠ፤ ማልቀሱን ሳትተው «አገኘዋለሁ» ማለት ጀመረች፤ ቃሉን ስትለው ደግሞ ፊቷ ይበራል። ደስታ የምትለው ይህን ነው፤ ሐዘኑ ሳይሄድ አብሮት የሚቀመጥ ነገር። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ኖሮኝ አያውቅም፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ጻፍኩት። በዘመረችበት ቀን ማስታወሻው ላይ ትንሽ ኮከብ እሠራለሁ። ሰባት ወር ሠራሁ። ቁጥሮቹን ደምሬ አካፈልኩ። ኮከብ ባለበት ቀን ላይኛው ቁጥር ከሌላው ቀን በስምንት ያንሳል።

አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ነገርኳት።

«እማዬ፣ በዘመርሽ ቀን ግፊትሽ ይወርዳል።»

ጉርሻዋን ያዘችው። «ምን አልክ?»

«በስምንት። አስልቼዋለሁ።»

«ማን ነው ያወረደው?»

«መዝሙሩ ነው። ደስታሽ ነው።»

ደብተሩን ተቀበለችኝ። ማንበብ ብዙም አትችልም፤ ኮከቦቹን ግን በጣቷ እየነካች ቆጠረቻቸው። በሕይወቴ ሰውን ያን ያህል ደስ ያሰኘ ነገር ተናግሬ አላውቅም። የነገርኳት ደግሞ ውሸት አልነበረም። ስለ ጭረቶቹ ግን ምንም አላልኳትም፤ በየቀኑ ስላሉ እኔም አላየኋቸውም።

የሚቀጥለው እሑድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ተነስታ መድረክ ላይ ወጣች። ደብተሬ እጇ ላይ ነበር። ከቤት ስትወጣ በነጠላዋ ሸፍና እንደያዘችው አላወቅሁም።

«ልጄ በእጁ የጻፈው ነው» አለች ማይኩን ይዛ። «እሱ ሚዛን ነው የሚሠራው፣ አይዋሽም! ጌታ በመዝሙር ደሜን አወረደው። ድኛለሁ!»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሰው ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ። አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ተነስቼ «አልዳነችም፣ ወርዷል ነው ያልኩት» ማለት ነበረብኝ። ጫማዬን እያየሁ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት ክኒኑን በውሃ ሳቀርብላት እጇን አልዘረጋችም።

«ምነው?»

«ልጄ፣ መስክሬ ልዋጥ?»

የእኛን ጸሎት ቤት ልማድ የማያውቅ ሰው ይህን ላይረዳው ይችላል። መድረክ ላይ ውጪ ያላት፣ ክኒን ተዪ ያላትም የለም። ግን በሕዝብ ፊት ድኛለሁ ያለ ሰው ቃሉን ይኖረዋል። ከዚያ ወዲያ ክኒን መዋጥ ለእሷ በሽታን መፍራት አልነበረም፤ ያ ሁሉ ሰው እልል ያለበትን ቃል ቤቷ ገብታ በድብቅ መሻር ነው። እናቴ ደግሞ በድብቅ የምትሠራው ነገር አልነበራትም። ገበያ ላይ እንኳ የበሰበሰውን ቆጮ ከላይ አድርጋ ነው የምትሸጠው።

አራት ቀን ምንም አልተለወጠም። እሷም «አየህ?» አለችኝ። በስምንተኛው ቀን 158 ሆነ። በዐሥራ አንደኛው 170። በዐሥራ ሁለተኛው ክንዷን ሳበች።

«በቃ። መለካት መጠራጠር ነው።»

ያኔ ነው ደብተሩን ይዤ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ጆንያውን ያየሁት። ኮከቡ ስምንት ቁጥር ያወርዳል። ጭረቱ ሃምሳ ያህል ያወርድ ኖሯል። ስምንቱን ነግሬ ሃምሳውን አስጣልኳት።

አንድ ቀን ክኒኑን ፈጭቼ ጎመኗ ውስጥ ጨመርኩት። አንዴ ጎርሳ ሳህኑን በቀስታ አስቀመጠች። «በልጄ እጅ መብላት ደግሞ ልፍራ?» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሁለተኛ አልሞከርኩም።

ፓስተሩ ዘንድ ሄድኩ። ደግ ሰው ናቸው፤ የአባቴን ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ ናቸው።

«እኔ ክኒን ተዉ ብዬ አስተምሬ አላውቅም» አሉኝ። «ራሴ የስኳር መድኃኒት እወስዳለሁ።»

«እንግዲያው ይህንኑ መድረክ ላይ ይበሉላት።»

«የእሷን ምስክርነት ሰምቶ ስንት ኀዘንተኛ ተጽናና መሰለህ። እኔ ተነስቼ ብናገር ውሸታም ናት ማለቴ ነው። ራሷ ትበለው፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ያምርባታል።»

የቀሩኝ ሐጂ ነበሩ። ሐጂ ጎረቤታችን ናቸው፤ የበርበሬ ነጋዴ። እሳቸውም ደም ብዛት አለባቸው፤ በየሳምንቱ እለካቸዋለሁ፤ ቁጥራቸው ዓመቱን ሙሉ አይነቃነቅም። ለምኛቸው መጡ። ግቢያችን ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ፣ እሷ እንድታይ።

«በል ዶክተር፣ ስንት ሆነ?»

«132 በ84።»

«አልሐምዱሊላህ! ሰማሽ አንቺ ሴት? ክኒኔን የማስቀምጠው መስገጃዬ ሥር ነው። ንጋት ላይ ሱብሒ ስሰግድ አገኘዋለሁ። አላህም ለምን ዋጥክ ብሎ አልተቀየመኝም።»

«ለእርስዎ ክኒኑን ሰጠ፤ ለእኔ መዝሙሩን ሰጠኝ» አለች እየሳቀች።

«ሁለቱንም ቢሰጥሽስ? አንዱን መመለስ ነውር አይደለም?»

«ሐጂ፣ ለእርስዎማ ክኒኑን የሰጠዎት እንዳይዘምሩ ብሎ ነው፤ ድምፅዎን ሰምተነዋላ፣ በርበሬ ሲጠሩ!»

ሐጂ ከት ብለው ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ክንዴን ያዙና «ፊቷ ቀልቷል» አሉኝ።

ለሦስት ወር አልለካኋትም። የሚያስጨንቀው ደህና መምሰሏ ነበር። ገበያ ወጣች፣ ወፈረች፣ ሰው ማጽናናት ጀመረች። ባል የሞተባት፣ ልጅ የሞተባት ሴት ሁሉ ወደ እሷ ይላካል። ሳያት እኔ የተሳሳትኩ እየመሰለኝ ደብተሩን እከፍታለሁ፤ የመጨረሻው መስመር ላይ 170 ተጽፎ አለ።

ወልቂጤ ላይ የእናቶች ኮንፈረንስ ነበር። እንድትመሰክር ተጠራች፤ እኔም ቦርሳዋን ይዤ አብሬያት ሄድኩ። ቦርሳው ውስጥ መለኪያውንና ክኒኖቹን ደብቄ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደረስን። ባረፍንበት ግቢ ጥላ ሥር ቁጭ እንዳልን አንዲት ከጉንችሬ የመጣች ሴት ቀረበች። ታሪኳን ሰምታለች። ከፌስታል ውስጥ ክኒን አወጣች፤ እንደ እናቴ ያለው ነጩ ነው።

«እህቴ፣ እኔም ልተወው ወይ? አንቺ እንዳልሽኝ አደርጋለሁ።»

እናቴ ክኒኑን አየች። ሴትዮዋን አየች። እኔን አየችኝ። እንደዚያ ፈርታ አይቻት አላውቅም።

«ነገ ስናገር ስሚኝ» አለቻት። «እስከዚያ ያንቺን እንዳትተዪ።»

ሴትዮዋ ስትሄድ እናቴ የግራ ክንዷን ነጠላ ገለጠች። «ለካ» አለችኝ።

መለኪያውን ይዤ እንደመጣሁ ታውቅ ኖሯል። ሁለት ጊዜ ለካሁ፤ የመጀመሪያውን አላመንኩትም። 214 በ126።

«ስንት ነው?»

«ብዙ ነው። ሐኪም ቤት እንሂድ እማዬ፣ አሁን። ካልሆነም ይህን ዋጪ።»

«ነገ ጠዋት እናገራለሁ። መዝሙሩ ደስታዬን መለሰልኝ፣ ክኒኑ ደሜን ያወርድልኝ ነበር እላለሁ። አንተ የነገርከኝን አስፍቼው ነበር እላለሁ። ከዚያ ሰው እያየ እውጠዋለሁ። ሐኪም ቤቱንም ያኔ ውሰደኝ።»

«አሁን ውጪና ነገ ተናገሪ!»

«ሳልናገር ብውጥ ሰርቄ ነው የምውጠው።»

ለመንኳት። እግሯ ሥር ተንበረከኩ። ጭንቅላቴን ዳሰሰችኝና «አንድ ቀን ነው፣ የኔ አባት» አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር። ከባድ ነገር ከጀርባዋ የወረደላት ሰው ትመስል ነበር። ክኒኑ መዳፌ ላይ በላብ ሟሟ።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን ስታጣፋ ቀኝ እጇ ጨርቁን ለቀቀው። ልታነሳው ጎንበስ አለች፣ ቀና አላለችም። ደግፌ ሳስቀምጣት ከንፈሯ ወደ አንድ ወገን ወርዶ ነበር። አንድ ነገር ልትለኝ ታገለች። ድምፅ እንጂ ቃል አልወጣም። በባጃጅ ሆስፒታል ደረስን፤ የተቻለውን ሁሉ አደረጉ። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሷል፣ ቀኝ ጎኗ ላይመለስ ይችላል፣ ንግግሯም እንደዚያው አሉኝ።

ከጉንችሬ የመጣችው ሴት አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ ጠብቃ ይሆናል። መድረክ ላይ ስለ እናቴ የተባለው «እህታችን ስለታመመች ጸልዩ» ብቻ እንደሆነ ኋላ ሰማሁ። ወጥቼ ፈለግኳት፤ ስሟን አልጠየቅኳትም ነበር። የጉንችሬ ሚኒባሶች ሄደው ነበር። ክኒኗን ትዋጥ አትዋጥ አላውቅም።

ቡታጅራ ተመለስን። በሰባተኛው ሳምንት ሴቶቹ ፀጉሯን ሊያጥቡላት መጥተው እያጠቡ ዘመሩ። እናቴ አብራቸው ዘመረች። አንድ ሙሉ መስመር፣ ቃሉ ሳይጎድል። ውሃ ማለት የማትችል ሴት ናት፤ ስሜን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራችም። ወፍራሟ ሴት ሳሙናውን ጥላ እየጮኸች በሩ ላይ ወጣች። ሰው ተሰበሰበ።

ሐኪሙን ጠየቅሁት። መዝሙር በጭንቅላት ውስጥ ከንግግር ሌላ ቦታ እንደሚቀመጥ፣ እንዲህ የሚሆኑ በሽተኞች እንዳሉ ነገረኝ። ለሴቶቹ ነገርኳቸው። «ተው ልጄ፣ ተአምሩን እንኳ አትመዝነው» አለችኝ ወፍራሟ፣ በፍቅር።

እሑድ ስለ እናቴ መሰከሩ። እልልታ ሆነ። ያኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነስቼ መድረክ ላይ ወጣሁ።

«እናቴ ክኒኗን አቁማ ነበር» አልኩ። ማይኩ ጮኸ፤ ከአፌ አራቅሁት። «ያሳሳትኳት እኔ ነኝ። ወልቂጤ ላይ ልትናገር የነበረው ይህን ነበር፤ ክኒኗን እዚያው ቆማ ልትውጥ ነበር።»

አንድ ሕፃን ሲያስል ሰማሁ። ፓስተሩ መጡና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። «ወንድማችን ብዙ ሐዘን ላይ ነው» አሉ። «እንጸልይለት።» ሕዝቡ እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ ጸለየ። የማያስመስሉ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ አለቀሱልኝ። ጸሎቱ ሲያልቅ ማይኩን ለሌላ ሰጡ።

አሁን ክኒኑን በማንኪያ ውሃ አሟሙቼ አጠጣታለሁ፤ ትውጣለች። ጭረቶቹ ተመልሰዋል። ቁጥሯ ከመቼውም የተሻለ ነው፤ 128፣ 130። ሐጂ በየሳምንቱ ይመጣሉ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን ያስለካሉ፤ እናቴን ስለ በርበሬ ጥሪያቸው ሊያስቋት ይሞክራሉ። ፊቷ ግማሹ ብቻ ስለሚንቀሳቀስ ስቃ እንደሆነ መለየት አንችልም። ደስታው ውስጧ ቀርቶ እንደሆነ፣ ወይስ የሚዘምረው አፏ ብቻ እንደሆነ እኔ ልለካው አልችልም።

ትናንት ሴቶቹ መጥተው ዘመሩላት፣ ያቺን መስመር አብራቸው አለች። ሲሄዱ ዐሥር ደቂቃ ጠብቄ የግራ ክንዷን አሰርኩ። 120። ከትናንት ወዲያ 128 ነበር። ደብተሩ ላይ ስጽፍ እጄን ታይ ነበር። ግራ እጇን አንስታ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አደረገች፣ ኮከብ የሚሠራበት ቦታ ላይ፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ደህና ነው» አልኳት። ኮከቡን ሳልሠራ ደብተሩን ዘጋሁ።